እንደ ፈቃዱ መለመን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በኅዳር ወር በብቸና ዙሪያ ያለውን ጥቁር የዋልካ መሬት የሚያይ ሰው፥ ሁለት ገበሬዎች ድንበር ለድንበር ቆመው ወደ ሰማይ ሲመለከቱ ሊያገኝ ይችላል። አንደኛው ጤፉን አጭዷል፤ ነገር ግን ገና አልከመረውም። ስለዚህ «ጌታ ሆይ፥ ዝናቡን ያዝልኝ» ብሎ ይለምናል። ሁለተኛው ሽንብራውን በመስከረም መጨረሻ ዘርቷል፤ መሬቱ ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሮበታል። እርሱ ደግሞ «ጌታ ሆይ፥ አንድ ቀን ብቻ አዝንብልኝ» ይላል። ሁለቱም የአንድ አጥቢያ ልጆች ናቸው፤ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ ሁለቱም አብረው ይጾማሉ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ካህን መጥተው መስቀል ከተሳለሙ በኋላ «አባቴ፥ ይጸልዩልኝ» ይላሉ። እንግዲህ ካህኑ ስለ ማንኛው ይጸልይ?

ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የተነሣ አይደለም። እኛም በልጅነታችን ዘመን ትምህርት ፍለጋ በዚያ አገር ስንመላለስ፥ በኋላም በክህነት ስናገለግል ብዙ ጊዜ የገጠመን ነገር ነው። ጸሎት ማለት እግዚአብሔርን ወደ ራሳችን አሳብ ማዘንበል ከሆነ፥ ከሁለቱ ገበሬዎች አንዱ የግድ መሸነፍ አለበት፤ ካህኑም የሁለት ተከራካሪዎች ጠበቃ ሆኖ ይቀራል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አድርጋ አላስተማረችንም። በቅዳሴዋ ስለ ዝናማት፥ ስለ ወንዞች፥ ስለ ምድርም ፍሬ ስትጸልይ መስፈሪያውን ለሰጪው ትታ ትለምናለች። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ጸሎት ባስተማራቸው ጊዜ፥ የዕለት እንጀራን ከመለመናቸው አስቀድሞ የአባታቸው ፈቃድ በሰማይ እንደ ሆነ እንዲሁ በምድር ይሆን ዘንድ እንዲለምኑ አዘዛቸው (ማቴ. 6፥9-11)። ተራው በከንቱ የተቀመጠ አይደለም፤ ከእንጀራው በፊት ፈቃዱ ይቀድማል።

ዳሩ ግን አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «እግዚአብሔር የወደደውን የሚያደርግ ከሆነ እኛ መለመናችን ምን ይጠቅማል?» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከሞጣ ወረድ ብሎ በዐባይ ላይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን ጎጃምንና በጌምድርን ለማገናኘት የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ፥ በጠላት ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) አርበኞች የጠላትን ጦር ለማገድ ሲሉ ከመካከሉ አፈረሱት። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆኖ ቀረ። በ1994 ዓ.ም. እስኪጠገን ድረስ ለስድሳ ዓመታት ያህል፥ መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፥ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ሰዎች ገመዱን እየሳቡ ያሻግሩት ነበር። የተጠገነውንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ወንድሞች ሆይ፥ ያን መንገደኛ አስቡት። ገመዱ በተሳበ ጊዜ ማዶ ያለው ገደል ወደ እርሱ አልመጣም፤ እርሱ ወደ ማዶ ሄደ እንጂ። ሆኖም ገመዱ ከንቱ ነበረ የሚል ማን ነው? ወገቡን ያልታሰረ ሰው በሰባራው ጫፍ ላይ ቆሞ ይቀራል። ጸሎትም እንዲሁ ነው። የማይናወጠውን እግዚአብሔርን ወደ እኛ የምንጎትትበት ሳይሆን እኛ ወደ እርሱ የምንሳብበት ነው። ስለዚህ ፈቃዱ የጸና መሆኑ ጸሎትን ከንቱ አያደርገውም፤ እንዲያውም የሚያድነን ገመዱ ከማይናወጥ ነገር ጋር በመታሰሩ ነው። መንገደኛውም ብቻውን አልተሻገረም። በማዶ ሆነው የሚስቡ ነበሩ፤ እነዚህም ቀድመውን የተሻገሩትን የቅዱሳንን ምልጃ ያሳስቡናል።

እንግዲህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ነገሩን በሁለት ከፍለን እንመልከት። አንደኛው የተገለጠልን ፈቃዱ ነው፤ ሁለተኛው ከእኛ የተሰወረው ፈቃዱ ነው።

ሀ) ስለ ተገለጠው ፈቃድ

የተገለጠው ፈቃድ በሕጉና በወንጌሉ የተጻፈው ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ የእግዚአብሔር ፈቃድ መቀደሳችን መሆኑን (1ኛ ተሰ. 4፥3)፥ ሰውም ሁሉ ይድን ዘንድ እግዚአብሔር እንደሚወድ (1ኛ ጢሞ. 2፥4) ያስተምረናል። ስለዚህ ሰው ንስሐ ለመግባት፥ ጠላቱን ይቅር ለማለት፥ ከስካርና ከሐሰት ምስክርነት ለመራቅ ኃይል ሲለምን «ፈቃድህ እንደ ሆነ» ብሎ መጠራጠር አይገባውም። ፈቃዱ መሆኑ ታውቋል። እንደዚሁም ከዚህ ፈቃድ ጋር የሚጋጭ ልመና ምንም ያህል ጾምና ስግደት ቢታከልበት ጸሎት አይባልም። የጎረቤት ከብት እንዲሞት፥ ባላጋራ በፍርድ እንዲዋረድ፥ የወንድም ሚስት እንዳትወልድ እየተባለ በየደጁ ስለት ሲገባ ሰምተናል። ሐዋርያው ያዕቆብ እንዲህ ያለው ለማኝ የማይቀበለው ለምኞቱ ሊያውለው በክፉ ስለ ለመነ መሆኑን ይነግረናል (ያዕ. 4፥3)።

ይህን ስንጽፍ በሞጣ የሆነውን ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ የሚል ወሬ በከተማው ከተሰማ በኋላ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሱቆችም ጠፉ። በአገሪቱ ያሉ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ድርጊቱን አወገዙ። እኛ ግን ካህናት ነንና ከማውገዝ አልፈን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል። ስለ ቤተ ክርስቲያን የሚቀና ልብ ከጸሎት ወደ ችቦ የሚሄደው በምን መንገድ ነው? መልሱ በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል አለ። የሳምራውያን መንደር ጌታን አልቀበልም ባለ ጊዜ ያዕቆብና ዮሐንስ እሳት ከሰማይ ይወርድ ዘንድ ፈቃድ ጠየቁ (ሉቃ. 9፥51-56)። ልብ በሉ፤ እነዚህ አሕዛብ አይደሉም፤ ከሐዋርያት መካከል የተመረጡ ናቸው። የሚለምኑትም ለራሳቸው ሀብት አይደለም፤ ለጌታቸው ክብር ቀንተው ነው። ጌታ ግን ዞሮ ገሠጻቸው፤ ወደ ሌላ መንደርም ሄዱ። እንግዲህ ቅንዓት ብቻውን ጸሎትን ትክክለኛ አያደርገውም። የሐዋርያት ልመና እንኳ ከፈቃዱ ውጭ በሆነ ጊዜ ተገሥጿልና፥ የእኛ ምን ያህል ይገሠጽ? ጎረቤቱን የሚያቃጥል ሰው በማናቸውም ቤት ቢጸልይ ፈቃዱን አላወቀም።

በክርስቶስ ስም መለመንም ትርጓሜው ከዚህ የተለየ አይደለም። ጌታ በስሙ የምንለምነውን እንደሚያደርግልን ተስፋ ሰጥቶናል (ዮሐ. 14፥13)። ብዙ ሰዎች ግን ስሙን በጸሎት መጨረሻ እንደሚታተም ማኅተም አድርገው ይቆጥሩታል። በዲማ፥ በደብረ ወርቅ፥ በመርጡለ ማርያምና በሌሎችም የጎጃም ጉባኤ ቤቶች የተማረ ሁሉ ስለዚህ ነገር ከአኩፋዳው ተምሯል። ተማሪ ዳባውን ለብሶ፥ ውሻ እየጮኸበት፥ በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናል። የማን ስም ጠርቶ እንደሚለምን ስለሚያውቅ፥ የተሰጠው የዳጉሳ ቂጣ ቢሆን ወይም የተረፈ ቆሎ ቢሆን አመስግኖ ይቀበላል፤ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ባዶውን ቢሸኙትም ቤቱን አይረግምም። በእርስዋ ስም ለምኖ በራሱ ቍጣ ቢሳደብ ስሟን አቃለለ። እኛም በክርስቶስ ስም ስንለምን ክርስቶስ ራሱ ሊለምነው የሚወደውን መለመን፥ ስንከለከልም እርሱ እንደ ታዘዘ መታዘዝ ይገባናል።

ለ) ስለ ተሰወረው ፈቃድ

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። ሕመምተኛው ይድናልን? መካኒቱ ትወልዳለችን? ወደ ዐረብ አገር የሄደችው ልጅ በሰላም ትመለሳለችን? የሽንብራው ዝናብ ይመጣልን? በዚህ ሁሉ የእግዚአብሔር ቸርነት እንዳለ እናውቃለን፤ ቸርነቱ በምን መንገድ እንደሚፈጸም ግን አልተገለጠልንም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ወደ እኛ መጣች። ልጇ በታመመ ጊዜ ጠበል አስጠምቃው ነበር፤ ስለትም ተስላ ነበር፤ ሌሊት ሌሊት እያለቀሰች ስትሰግድ ከረመች። ልጁ ግን ዐረፈ። ለልቅሶ ከመጡት ጎረቤቶች አንዷ «እምነትሽ ቢጸና ኖሮ ይድንልሽ ነበር» አለቻት። እናቲቱ ስለ ልጇ ሞት ልትጠይቀን አልመጣችም። ጥያቄዋ «አባቴ፥ ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝን?» የሚል ነበር። እኛም በዚያ ቀን ቸኩለን «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፥ ልጄ» ብለን ባርከን ሰደድናት። ቃሉ እውነት ነው፤ እኛ ግን በእውነት ቃል ደጁን ዘጋንባት። ከሄደች በኋላ ያቀረብነው መልስ የከበደን ለእኛው ነበር፤ ዳግመኛም አስጠርተን እንደሚከተለው አስረዳናት።

ጌታችን በጌቴሴማኒ ጽዋው ያልፍ ዘንድ ሦስት ጊዜ ጸለየ፤ በእያንዳንዱም የአባቱን ፈቃድ አስቀደመ (ማቴ. 26፥36-46)። የሥላሴ ፈቃድ አንድ ነው፤ በአብና በወልድ መካከል ክርክር የለም። ነገር ግን ሥጋችንን የተዋሐደው አምላክ የእኛን ድካምና ኀዘን ገንዘቡ አድርጎ፥ ለእኛም አብነት ሊሆነን እንደ ሰው ጸለየ። ጽዋው አላለፈም። እንግዲህ የእርሱ እምነት ጎደለ የሚል ክርስቲያን አለን? ሐዋርያው ግን ጸሎቱ እንደ ተሰማ ይመሰክራል (ዕብ. 5፥7)። በመስቀል የሞተው እንዴት ተሰማ ይባላል? ሞቶ በመነሣቱ ነው። መልሱ ከጽዋው ወዲህ ሳይሆን ከጽዋው ወዲያ ተሰጠ። ቅዱስ ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ ይርቅለት ዘንድ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው ፈውስ ሳይሆን ጸጋ ነበር (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)። በታኅሣሥ 19 ቀን የምናስባቸው ሠለስቱ ደቂቅም በእሳቱ ፊት ቆመው አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ባያድናቸውም እንኳ ለጣዖት እንደማይሰግዱ ተናገሩ (ዳን. 3፥17-18)። «ይችላል» ማለታቸው እምነት ነው፤ «ባያድነንም» ማለታቸው ደግሞ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ፍጻሜው ነው እንጂ።

እናቲቱም ይህን ከሰማች በኋላ «እንግዲያስ ልቅሶዬም ጸሎት ነበር» አለች። አዎን፥ ጸሎት ነበር። ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለውን ቃል ለኀዘንተኛ ከመናገራችን በፊት አብረን ቁጭ ብለን እናልቅስ። ይህ ቃል ያዘነው ሰው ራሱ ጸልዮ ሲደርስበት መጽናኛ ይሆናል፤ በሌላው አፍ ሲጣደፍ ግን ድንጋይ ይሆናል።

እንደዚሁም ለፈቃዱ መገዛት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። በጠበል የሚታመን ሰው የሐኪም መድኃኒት ሲወስድ እግዚአብሔርን የካደ የሚመስለው አለ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ መግለጣቸው ስለዚህ ነበር። መድኃኒቱንም የሐኪሙንም አእምሮ የፈጠረ እርሱ ነውና፥ የተሰጠንን እርዳታ እየገፋን ተአምር መጠየቅ ፈቃዱን መፈለግ ሳይሆን ጌታን መፈታተን ነው።

ሐ) እሺ ስለ ተባለ ክፉ ልመና

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። የለመነውን ያገኘ ሁሉ እንደ ፈቃዱ ለመነ ማለት አይደለም። በለዓም እስራኤልን ሊረግም ተጠርቶ፥ እንዳይሄድ በግልጥ ከተነገረው በኋላ፥ የባላቅ ስጦታ በበዛ ጊዜ ዳግመኛ ሊጠይቅ ተመለሰ። በሁለተኛው ተፈቀደለት፤ ነገር ግን በመንገዱ ላይ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ ቆሞ ጠበቀው፤ ነቢዩ ያላየውንም አህያው አየች (ዘኍ. 22)። ስለዚህ አባቶች እግዚአብሔር የሚወደውን ፈቃድ፥ ለሰው ነጻነት ከሚተወው ፈቃድ ለይተው ያስተምራሉ። «እምቢ» የተባልነውን ነገር ስለት እየጨመርን፥ ደብር እየቀያየርን፥ በመጨረሻም ከካህን ወደ ጠንቋይ እየተሻገርን እሺ እስክንባል ብንጠይቅ፥ የምናገኘው እሺታ የበለዓም እሺታ ይሆናል።

ስለት ራሱ ክፉ ነው አላልንም። ሐና ተስላ ሳሙኤልን አገኘች፤ የተሳለችውንም አልቀማችም፤ ልጁን ራሱን ለቤተ መቅደስ ሰጠች (1ኛ ሳሙ. 1)። የእርስዋ ስለት ምስጋና ነበር። የብዙዎቻችን ስለት ግን ንግድ ነው፤ «ይህን ብታደርግልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» ስንል፥ ባይደረግልንስ? እግዚአብሔር ጃንጥላ አጥቶ አይደለም። ከእኛ የሚፈልገው እኛን ነው።

መ) እንዴት እንጸልይ?

አንደኛ፥ ከልመና በፊት እናመስግን። ያልተሰጠውን ብቻ የሚቆጥር ሰው የሰጪውን ቸርነት ማመን ያቅተዋል።

ሁለተኛ፥ ፍላጎታችንን ሳንሸሽግ እንናገር። እንደ ፈቃዱ መለመን ምኞት የሌለው መምሰል አይደለም። ጌታ እየደጋገመች ዳኛውን የምትማልደውን መበለት አመስግኗታልና (ሉቃ. 18፥1-8) ሳንታክት እንለምን፤ መጨረሻውን ግን ለእርሱ እንተው።

ሦስተኛ፥ ልመናችንን በጎረቤታችን ፊት እንመዝነው። ጎረቤቴ አጠገቤ ቆሞ ቢሰማኝ ይህን ጸሎት ጮክ ብዬ ልጸልየው እችላለሁን? ካልቻልሁ፥ ጸሎቱ ወደ እግዚአብሔር ከመድረሱ በፊት በወንድሜ ላይ ወድቋል።

አራተኛ፥ ፈቃዱ ባልገባን ጊዜ ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ። የራስ ምኞት የመልአክ ድምፅ መስሎ ሊሰማ ይችላልና።

አምስተኛ፥ ከጸሎት ስንነሣ በእጃችን ያለውን ሥራ እንሥራ። ብዙ ጊዜ የእግዚአብሔር መልስ የሚደርሰው በሚጸልየው ሰው እጅ ነው።

ይህም ወደ ጀመርንበት ወደ ኅዳር ማሳ ይመልሰናል። ካህኑ ስለ ማንኛው ገበሬ ይጸልይ ብለን ጠይቀን ነበር። ስለ ሁለቱም ይጸልያል፤ ጸልዮም ዝም አይልም። የሽንብራውን ባለቤት ጠርቶ «ልጄ፥ አንተ ዝናብ ትለምናለህ፤ መልካም ነው። ዝናቡ ቢመጣ ግን የወንድምህ ጤፍ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዛሬ ልጆችህን ይዘህ ሂድና ነዶውን አብረኸው ከምር፤ ከዚያ በኋላ ዝናብህን ለምን» ይለዋል። ለጤፉም ባለቤት «ጤፍህ ከተከመረ በኋላ ስለ ወንድምህ ሽንብራ አብረኸው ጸልይ» ይለዋል። ወንፈልና ደቦ የሚያውቅ አገር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጤፉ ከተከመረ በኋላ ሁለቱ የሚለምኑት አንድ ነገር ይሆናል። ዝናቡ ቢመጣ ሁለቱም ያመሰግናሉ፤ ባይመጣም ሽንብራው የደረቀበት ሰው በከመረው ጤፍ አጠገብ ወንድም አለው፤ በክረምት እንጀራ አያጣም። እግዚአብሔር ሰማዩን ሳይለውጥ አስቀድሞ ሁለት ልቦችን ለወጠ፤ ከሁሉ አስቀድሞ የወደደውም ይህን ነበር።

የወደደውን እንድንወድ፥ የከለከለንንም በትዕግሥት እንድንቀበል፥ ለወንድማችን የምንለምነውንም በእጃችን እንድንፈጽም የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። ለዘለዓለሙ፤ አሜን።